ከጭላሎ የምንመለስበት ሰዓት

አሰላ ውስጥ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ሰው ሁሉ የጭላሎን ተራራ ያያል። የቀድሞው አውራጃ የተጠራው በስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው፣ የአርሲን ገበሬ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር ያስተዋወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትም፣ ትልልቆቻችን ዛሬም ድረስ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» እያሉ የሚያነሡት፣ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ተራራው በሁሉም አፍ ላይ አለ። አናቱን የረገጠ የከተማ ሰው ግን ስፈልግ እምብዛም አላገኝም። ጂኦግራፊ የማስተምራቸው ልጆች ስለ ኤቨረስት ሲጠየቁ ቁመቱን ቶሎ ይነግሩኛል፤ ከክፍላቸው መስኮት ስለሚታየው ተራራ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለገና በዓል ከዱባይ የምትመጣው የእኅቴ ልጅ ትኬቷን ሳትቆርጥ ደውላ፣ «አጎቴ፣ ዘንድሮ ጭላሎን ሳልወጣ አልመለስም» ስትለኝ በጣም ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። «በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን አይደል? ከቤታችን በር ላይ እኮ ነው የሚታየው» አለች። በአንድ ቀን ይቻላል። ነገር ግን ጭላሎ ቅርብ መስሎ የሚታይ ተራራ ነው። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ሸንተረሮቹ አንድ በአንድ ስለሚቆጠሩ ዓይን ርቀቱን ያሳጥረዋል። ከከተማው እስከ አናቱ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሰላ ያለችው በ2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን ጭላሎ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የሚቀረው ሽቅብ 1,600 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው።

እኔ የተራራ ጉዞ ሳቅድ የምጀምረው ከፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት በእኛ አካባቢ ፀሐይ ከጠዋቱ 12፡40 ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ትጠልቃለች። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ማምሻችን አጭር ነው፤ ፀሐይዋ ከገባች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እግር የሚያርፍበትን መለየት ያስቸግራል። በጨለማ ድንጋያማ ቁልቁለት መውረድ አልፈልግም፤ በተለይ የእኅቴን ልጅ ይዤ። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ለማይታወቅ ነገር አስቀምጣለሁ፤ ቁርጭምጭሚት ሊዞር፣ ጉም ሊወርድ፣ ሰው ሊደክም ይችላል። ቢዘገይ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ማሳው ዳር መድረስ አለብን። ቁልቁለቱ አራት ሰዓት ይወስዳል። ከ10 አራት ሲቀነስ ስድስት ይቀራል።

የዕቅዱ አስኳል ይህ ነው። ቀትር ስድስት ሰዓት ሲሞላ የትም ብንሆን ፊታችንን እናዞራለን። ጫፉ ከፊታችን ተደቅኖ የሃያ ደቂቃ መንገድ ብቻ ቢቀረንም እንመለሳለን። ይህን ቤት ተቀምጠን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ልባችን ሳይሞቅ መስማማት ይገባል። ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ወደ ጫፉ ያደላል። ጓደኛሞች እርስ በርስ ይተፋፈራሉ፤ የደከመው ደክሞኛል አይልም፤ የበረታው «ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ወደ ላይ የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውን ስሌት እጠቀማለሁ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። እስከ መጨረሻዎቹ የስንዴና የገብስ ማሳዎች ድረስ በመኪና ብንሄድ ወደ 3,000 ሜትር እንጠጋለን። ከዚያ የመረጥነው መንገድ በካርታ ላይ ስለካው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሽቅቡ 1,000 ሜትር ያህል ነው። በኔይስሚዝ ስሌት ከሦስት ሰዓት ሩብ ያህል በላይ አይፈጅም። ይሁንና ሰውየው ያሰላው ለአገሩ ተራሮች ነው፤ የስኮትላንድ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ይህ የአዳማን ከተማ ከፍታ እንኳ አያክልም። እኛ መራመድ የምንጀምረው የእርሱ ተራራ ካበቃበት በጣም ከፍ ብለን፣ አየሩ በሳሳበት ነው። ስለዚህ በስሌቱ ላይ ግማሹን ያህል እጨምርበትና አምስት ሰዓት እይዛለሁ። ከጠዋቱ 12፡30 ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ መራመድ ከጀመርን 5፡30 ላይ አናቱ አጠገብ እንሆናለን። ለማረፍና ዙሪያውን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይተርፈናል። መኪናው ከአሰላ የሚነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው።

በማለዳ መነሣቱ ሌላም ጥቅም አለው። በበጋው ወራት ሌሊት ላይ ከፍታው ውርጭ ይመታዋል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ይበርድና እንደ መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ሆኖ የላይኛውን ልል አፈር ከፍ አድርጎ ይሸከመዋል። ማለዳ ሲረገጥ ከጫማ ሥር እየተሰበረ ይንኮሻኮሻል፤ ጎንበስ ብሎ ላየው ዘንጎቹ ጎን ለጎን ቆመው፣ እያንዳንዳቸው አናታቸው ላይ አንዲት ቅንጣት አፈር ተሸክመው ይታያሉ። ያን ሰዓት መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ ረግረጉን ሳይቀር ተሻግሮ ማለፍ ይቻላል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል በረዶው ይቀልጣል፤ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ያው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ሽቅቡን በደረቁ፣ ቁልቁለቱን በጭቃው መሄድ ግድ ስለሆነ ለመውረጃው የያዝኩት አራት ሰዓት ለጋስ አይደለም።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከሁሉም በላይ ያለውን ውርጭ ብለውታል። የጭላሎ ልብ ያለው እዚያ ነው። የማሳውና የግጦሹ አገር ሲያልቅ አስታው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ከሰው በላይ የሆነ፣ ግንዱ በሽበት የተሸፈነ ዛፍ ነው፤ ከፍ በተባለ ቁጥር እያጠረ፣ እየተጠቀጠቀ ሄዶ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ከእርሱ በላይ ጓሳው ነው፤ በየጉብታው ተሰብስቦ የበቀለ ሻካራ ሣር፣ በመካከሉ ውሃ ያቆረ ጥቁር አፈር። እዚህ የሚራመድ ሰው እርምጃውን ጉብታ በጉብታ ይመርጣል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል። ቶስኝ የሚሸተውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ሲረገጥ ሽታው ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ እስከ አፍንጫ ይመጣል። የእኅቴ ልጅ ይህን ሽታ የምታውቀው ከሻይ ብርጭቆ ብቻ ነው።

ጅብራውን ለማየት ስል ብቻ እንኳ ብወጣ አይቆጨኝም። ጅብራ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። ረጃጅም ቅጠሎቹ ቀን ቀን ዙሪያቸውን ተዘርግተው ይውላሉ፤ ሲመሽ ወደ ውስጥ ይታጠፉና መካከል ላይ ያለውን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ይከልሉታል። ማለዳ ላይ የውጪዎቹ ቅጠሎች ጀርባ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ በጣት ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ላየ ግን የመካከሉ ቡቃያ አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ አልነካውም። ብዙ ዓመት እንዲህ እየተዘጋና እየተከፈተ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይደርቃል። ተማሪዎቼ ስለ በረሃ ቁልቋል ያነበቡትን ያህል ስለዚህ ተክል አላነበቡም። አንድም ቅጠል እንዳይቀነጠስ ለልጅቷ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ እርሷም በካሜራዬ ብቻ ብላኛለች።

በአርሲ ተራሮች ቀይ ቀበሮም አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም ያሉት እኛ አገር ነው። ከሌሎች ቀበሮዎች በተለየ ቀን ቀን ስለሚያድን፣ ምግቡም በጓሳው ውስጥ የሚርመሰመሱት አይጦችና ፍልፈሎች ስለሆኑ፣ በጸጥታ የሚሄድ መንገደኛ የማየት ዕድል አለው። ለእርሱ ትልቁ አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚያመጣበትም ከመንደር የሚወጣ ውሻ ነው። ጎረቤታችን «ውሻዬን ውሰዱት፣ ይጠብቃችኋል» ብሎን ነበር፤ ለአሳቢነቱ አመስግነን ውሻው ቤቱ እንዲቆይ ለምነነዋል።

የደጋ አጋዘንም የእነዚሁ ተራሮች ልጅ ነው። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ መጨረሻ ላይ በሳይንስ የተመዘገበው እርሱ ነው፤ ምዝገባው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን ለመለያ የቀረበው ናሙና የመጣው ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ነው። ማለትም ከእኛው ሰፈር። ወደ አስታው ዳር ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን ብያለሁ፤ ስልክም ሙዚቃ አይከፍትም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያሳስበኝ የልጅቷ ደም ከፍታውን አለመልመዱ ነው። ዱባይ በባሕር ጠረፍ ያለች ከተማ ናት። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አሰላ ላይ እንኳ 75 በመቶ አካባቢ ነው። ከአውሮፕላን ወርዳ በሦስተኛው ቀን ጭላሎ ላይ ብትቆም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛታል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ገናን ከቤተሰብ ጋር በልታ፣ አሰላ ውስጥ ከሳምንት ያላነሰ ከርማ፣ በመካከሉ አንድ ቀን እስከ አስታው መጀመሪያ ድረስ ብቻ ወጥተን እንመለሳለን። ትልቁ ጉዞ ከጥምቀት ጥቂት ቀን በፊት ይሆናል። ከአዳማም ሆነ ከዚያ በታች ካለ ቆላ ለሚመጣ ሰው ይህንኑ እመክራለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሌሊት አሰላ ይደርበት። ከፍታው ጉልበተኛውንና ወጣቱን አይለይም። መንገድ ላይ ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ አይጨምርም፤ መራመድ ሲያንገዳግደው ከታየ ደግሞ ያኔውኑ ይወርዳል። ውጤታማው መድኃኒት መውረድ ነው።

ለዚህም ሲባል አንድ ፈረስ እንከራያለን። አርሲ የፈረስ አገር ነው፤ ማሳው ዳር ካለው መንደር ተነሥቶ እስከ አስታው ወገብ የሚወጣ ፈረስና ባለፈረስ ማግኘት አያዳግትም። ፈረሱ እዚያ ይጠብቀናል። የታመመ ካለ ይጭነዋል፤ ከሌለም ቦርሳችንን ይዞልን ይወርዳል።

መንገድ የሚመራን የላይኛው መንደር ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ የማውቀው ጎልማሳ ነው፤ እኔ «ኦቦ» እለዋለሁ፣ እርሱ «መምህር» ይለኛል። ሄጄ ስለ ዕቅዱ ሳማክረው ስለ ጫፉ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «ስንት ሰዎች ናችሁ? ልጅቷ ቦት ጫማ አላት? ቀበሌው አውቋል?» አለኝ። ሦስቱም ልክ ናቸው። የጭላሎና የጋላማ ከፍታዎች በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሥር ስለሆኑ ከፓርኩ ሠራተኞችና ከቀበሌው ጋር ሳይነጋገሩ መውጣት አይገባም። ለአካባቢው ሰውም ክብር ነው። በግጦሹና በአስታው ላይ የሚያድረው እርሱ ነው፤ እንግዳው እኛ ነን።

መሪ የሚያስፈልገው ለጉሙ ነው። የጭላሎ አናት የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ሰፊ፣ ዙሪያውን በጠርዝ የታጠረ። ሰማዩ ክፍት ከሆነ በምዕራብ የዝዋይ ሐይቅ፣ በምሥራቅ የጋላማ ሰንሰለት ይታያል፤ አቅጣጫ መሳት አይታሰብም። ከቀትር በኋላ ግን ደመናው ይከማቻል፤ ጉም ሲወርድ ሸለቆዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ወደ አሰላ የሚወርድ የመሰለው ጅረት ወደ ሳጉሬ በኩል ሊያወጣ ይችላል፤ መኪናው ሌላ ወረዳ ቆሞ እየጠበቀ ሰው ሌላ ወረዳ ውስጥ ይመሽበታል። ስልኬ ላይ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጌ ጭኛለሁ፤ በወጣንበት መንገድ ላይም ነጥብ እያስቀመጥኩ እሄዳለሁ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ስልኩ የሚቀመጠው በደረት ኪስ ውስጥ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ ነው። ቢሆንም ከስልኬ ይልቅ የምተማመነው በኦቦ ነው።

ልብሱ ላይ ከእኅቴ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። ጋቢ እንድንይዝ ትፈልጋለች። ጋቢ ለቤት፣ ለሌሊት ጸሎት፣ ለመንገድ ዳር ቡና ተወዳዳሪ የለውም። ጥጥ ግን ከራሰ ከባድ ይሆናል፤ ሙቀትም አይሰጥም። ከአሰላ እስከ ጭላሎ አናት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ላብ የጠጣ ጥጥ ለብሶ መቆም አደገኛ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት እንለብሳለን። ትርፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ እንይዛለን። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፤ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቦርሳው አይለይም። በአንድ ቀን ውስጥ በጋና ክረምት የሚፈራረቁበት አገር ነው። ጋቢው መኪና ውስጥ ይጠብቀናል።

ስንቁ ላይ ግን ሙሉ ስምምነት አለ፤ ጭኮ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረና ቅመም በገባበት ቅቤ ታሽቶ የሚሠራውን የአርሲን ጭኮ የሚበልጥ የተራራ ምግብ አላውቅም። ጥቂት ይበቃል፣ አይበላሽም፣ እሳት አይጠይቅም። በብርድ ጠጠር ቢልም በአፍ ውስጥ ወዲያው ይለሰልሳል። እኅቴ ገብሱን ራሷ ትቆላዋለች፤ ቅቤውን ከማን እንደምትገዛም ከአሁኑ ወስናለች። ከእርሱ ጋር ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። የጅረቱ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከብቶች በላዩ ስለሚሰማሩ ሳይታከም አይጠጣም።

የማሳውን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከአሰላ ስንወጣ የምናልፈው ስንዴና ገብስ የአርሲ ኩራት ነው፤ የምንበላውም እርሱን ነው። ነገር ግን የማሳው ጫፍ ሽቅብ እየተጓዘ፣ አስታው እየተቆረጠና እየተቃጠለ ሲሄድ ማየት ልቤን ይነካኛል። ያ ጓሳና ጥቁር አፈር የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋው ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ወደ ቀታር ወንዝ የሚገቡት ጅረቶች ከዚህ ይነሣሉ፤ ቀታር ዝዋይን ይመግባል። ላይ ያለው ሣር ሲራቆት ታች ያለው ሐይቅ ይሰማዋል። የላይኛውን ገበሬ በዚህ አልወቅሰውም፤ መሬት አጥቶ ነው ሽቅብ የሚያርሰው። መሪዎችን፣ ባለፈረሶችን፣ ቤቱን ለመንገደኛ የሚያከራይን ቀጥሮ በአግባቡ የሚከፍል እንግዳ ቢበዛ ግን አስታው ቆሞ ለእርሱም የሚያበላው ይመስለኛል። ስለዚህ ለኦቦና ለባለፈረሱ ከዋጋው ላይ አንከራከርም።

የቀረው ቤት ለሚቆዩት የሚተወው መልእክት ነው። የመንገዱን ንድፍ፣ የሁላችንን ስም፣ የሾፌሩንና የኦቦን ስልክ ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፌ ለእኅቴ እሰጣታለሁ። 10 ሰዓት ላይ ማሳው ዳር ስንደርስ እንደውልላታለን። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል እስከ 12 ሰዓት ዝም ብላ ትጠብቅ። 12 ሰዓት አልፎ ድምፃችንን ካልሰማች ለሾፌሩ ትደውል፤ እርሱም ካላየን ወዲያውኑ የመንደሩን ሰዎች ያስነሣ። ይህን ስነግራት፣ «12 ሰዓት ድረስ ዝም ብዬማ አልጠብቅም፣ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ እደውላለሁ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ 10፡15 ብዬ አስተካክያለሁ።